የሚረጥብ ቁስል ቀጠሮ አይጠብቅም

ዳሌዋን ያስቀየረች እናት ቤቷ ከገባች በኋላ «ስፌቴ አሁንም ፋሻውን ያረጥባል» ስትል በብዙ ቤትና በብዙ ተመላላሽ ክፍል የምታገኘው መልስ አንድ ነው፦ «ያለ ነው፣ ትንሽ ይታገሱ።» መልሱ ከደግ ልብ ሊወጣ ይችላል። በዳሌ ቅየራ ጉዳይ ግን ከዚህ የከፋ ምክር አላውቅም።

ቀዶ ሕክምናውን ራሱን ማንም እንዲፈራው አልፈልግም። ያረጀ፣ የተሰበረ ወይም ደም አጥሮት የሞተ የጭን አጥንት ራስ ተቆርጦ ይወጣና በብረት ወይም በሴራሚክ ኳስ ይተካል፤ ኳሱ የሚዞርበት የዳሌ ጎድጓዳም አዲስ ገበር ይለብሳል። ሌሊቱን በሕመም ሲገላበጥ ያነጋ የነበረ ሰው ብዙ ጊዜ በማግስቱ በዎከር ተደግፎ ይቆማል። በ2019 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ሰፊ ጥናት፣ ከ100 የተቀየሩ ዳሌዎች 58 ያህሉ 25 ዓመት እንደሚያገለግሉ አሳይቷል። ይህን ያህል ዕድሜ ያለው እፎይታ የሚሰጥ ቀዶ ሕክምና ብዙ የለም። የእኔ ሙግት በሽተኛው የሆስፒታሉን በር ከወጣ በኋላ ስላለው ጊዜ ነው።

ዳሌያቸውን ካስቀየሩ 100 ሰዎች በ1 ወይም በ2 ላይ ጥልቅ ኢንፌክሽን ይደርሳል። ባክቴሪያ ሥጋ ላይ ሲያርፍ የሰውነት መከላከያ በደም በኩል ይደርስበታል። ብረት ግን የደም ሥር የለውም። ባክቴሪያው ብረቱ ላይ ተደላድሎ ሲቀመጥ ውሎ አድሮ ራሱን የሚከልልበት ልባስ ይሠራል፤ ውኃ በቆየበት ሮቶ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ እንደሚይዘው የሚያሙለጨልጭ አረንጓዴ ነገር፣ ውኃ ቢያፈሱበት የማይለቅ፣ ካልፋቁት የማይሄድ ነው። ከዚያ ልባስ ሥር ለገባ ባክቴሪያ ኪኒን ብቻውን አይበቃውም።

ሳምንታት የሚቆጠሩት ለዚህ ነው። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት 3 ወይም 4 ሳምንታት ውስጥ ኢንፌክሽኑ ከተደረሰበት፣ ሐኪሙ ቁስሉን ከፍቶና አጥቦ፣ ኳሱንና ገበሩን ለውጦ፣ አጥንት ውስጥ የተተከለውን ዋናውን ብረት ሊያተርፈው ይችላል። ጊዜው ካለፈ ብዙ ጊዜ ያለው ሁሉ መውጣት አለበት። በቦታው አንቲባዮቲክ የተቀላቀለበት ሲሚንቶ ለጊዜው ይገባል፣ አብዛኛውን ጊዜ ለ6 ሳምንት ያህል መድኃኒት ይሰጣል፣ ኢንፌክሽኑ መጥፋቱ ሲታመንበት እንደገና ሌላ ዳሌ ይተከላል። በአንድ ትንሽ እጥበት ያበቃ የነበረ ጉዳይ ሁለት ትልልቅ ቀዶ ሕክምናና በመካከላቸው የክራንች ወራት ይሆናል። ስለዚህ ቁስል ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት ቢረጥብ ያለ ነው፤ ከ5 ወይም ከ7 ቀን በኋላ ከረጠበ ግን «ያለ» አይደለም፣ የቀዶ ሐኪም ዓይን ያስፈልገዋል።

እናቴ ያለፈችበት መንገድ ይኸው ነው። ወድቃ የጭኗ አጥንት አንገቱ ላይ ስለተሰበረ ዳሌዋ ተቀየረላት፤ ቁስሏ ግን መንጠባጠቡን አላቆመም። በየቀጠሮው የሚያያት ሐኪም ሌላ ነበር። አንዱ የጻፈላትን አንቲባዮቲክ ሌላው ይቀይረዋል። ኪኒኑ ሲጀመር ትኩሳቱ ይበርዳል፣ ፈሳሹ ይቀንሳል፣ ቤቱ ሁሉ ተመስገን ይላል፤ ሲያልቅ ይመለሳል። ጎረቤቶቻችን ትኩሳቱን ምች ነው ብለው ዳማ ከሴ ቀጥፈው መጡ፣ የዳሌውን ሕመም ደግሞ ብርድ ነው አሉ። እናቴ «እንዴት አደሩ?» ለሚላት ሁሉ «እግዚአብሔር ይመስገን» ትላለች፤ ሐኪም ሲጠይቃትም መልሷ ያው ነበር። ሐኪም ፊት ግን ሕመሙ የት እንደሆነ፣ በስንት ሰዓት እንደሚቀሰቅስ፣ ፋሻው በቀን ስንት ጊዜ እንደሚቀየር የሚናገር ሰው ከጎኗ መቆም አለበት። እኅቴ ቁስሉን በየጠዋቱ በስልኳ ፎቶ ታነሣ ነበር፤ በኋላ ላይ ከእናቴ ምስጋናም ከተቆለሉት ካርዶችም ይልቅ ለሐኪሙ እውነቱን የነገሩት እነዚያ ፎቶዎች ናቸው።

በመጨረሻ ጉዳዩን በቁም ነገር የያዘው ሐኪም መጀመሪያ ያደረገው አንቲባዮቲኩን ማስቆም ነበር። ደነገጥን። ምክንያቱን ሲያስረዳን ግን ነገሩ ሁሉ ተገለጠልን። ዳሌ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው በመርፌ ከመገጣጠሚያው ፈሳሽ ተቀድቶ ላብራቶሪ ውስጥ ሲያድግ ነው። መድኃኒት እየወሰደ ያለ ሰው ፈሳሽ ሲመረመር ባክቴሪያው ተዳክሞ ላያድግ ይችላል፤ ውጤቱ «ምንም የለም» ይላል፣ ብረቱ ላይ ያለው ግን እዚያው አለ። የበሽተኛው ሁኔታ እስከፈቀደ ድረስ ከመቅዳት በፊት መድኃኒቱ 2 ሳምንት ያህል መቆም አለበት። በከተማችን ያለ ማዘዣ አንቲባዮቲክ ማግኘት ዳቦ ከመግዛት ብዙም አይከብድም፤ ለተቀየረ ዳሌ ግን ሳይመረመር የሚዋጥ አንቲባዮቲክ በሽታውን ሳይፈውስ ይደብቀዋል። ዳሌው ለተቀየረና ቁስሉ ለረጠበ ሰው ማንም፣ ሐኪምም ቢሆን፣ ኪኒን ሲጽፍለት ቤተሰቡ አንድ ጥያቄ ይጠይቅ፦ «ዶክተር፣ ከመገጣጠሚያው ፈሳሽ ተወስዷል?»

ከሁሉ ይልቅ ያንገበገበኝ ግን ሌላ ነው። ተስፋ ቆርጠን ሌላ ሆስፒታል ስንወስዳት «የሠራት ሐኪም ይያት» ተባልን። ይህን ቃል የሰማሁት እኔ ብቻ እንዳልሆንኩ የአጥንት ሕክምና ክፍል አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሁሉ ይነግራችኋል። ሌላ ሐኪም የጀመረውን መንካት አይፈለግም፤ ነገሩ ቢበላሽ ጥፋቱ ለመጨረሻው ይተርፋልና። እውነተኛ የሙያ ችግርም አለበት። የተተከለው ብረት የየትኛው ኩባንያ እንደሆነ፣ መጠኑ ስንት እንደሆነ ካልታወቀ ለማውጣትም ሆነ ኳሱን ለመለወጥ ትክክለኛውን መሣሪያና ተስማሚውን ዕቃ ማዘጋጀት አይቻልም። ሕንድ፣ ታይላንድ ወይም ቱርክ ሄደው ዳሌያቸውን አስቀይረው ለሚመለሱ ወገኖቻችን ደግሞ «የሠራሽ ይይሽ» ማለት ትርጉም የለውም፤ የሠራቸው ሰው በሌላ አህጉር ነው ያለው። ልጆቻቸው ከአሜሪካና ከዓረብ አገር ገንዘብ አዋጥተው ያሳከሟቸው እናቶች፣ ቁስላቸው ሲያመረቅዝ አዲስ አበባ ላይ ባለቤት አልባ ይሆናሉ።

ሐኪሞቻችን ያለባቸውን ጫና አውቃለሁ። በመኪና አደጋ የተሰባበረ ወጣት በድንገተኛ ክፍል ኮሪደር ላይ ተኝቶ እያለ ወር የሞላው የረጠበ ስፌት ትንሽ ነገር መስሎ ሊታይ እንደሚችልም ይገባኛል። ነገር ግን ይህ ቀዶ ሕክምና ለዛሬ የበቃው በሽተኞቹን ከዓይኑ ባላራቀ ሐኪም ነው። እንግሊዛዊው ጆን ቻርንሊ በራይቲንግተን ሆስፒታል መጀመሪያ ለዳሌው ገበር የተጠቀመው ቴፍሎን ነበር። በሽተኞቹ እየተመለሱ ሲያያቸው ቴፍሎኑ በጥቂት ዓመታት ውስጥ እያለቀ፣ ፍርፋሪውም ዙሪያውን እያቆሰለ አገኘው። አልሸሻቸውም፤ መልሶ ቀዶ ሕክምና አደረገላቸው። በ1962 እ.ኤ.አ. ወደ ሌላ ጠንካራ ፕላስቲክ ተሻገረ፣ ዛሬም የዳሌ ገበር የሚሠራው ከዚያው ፕላስቲክ የተሻሻለ ዝርያ ነው። ስዊድን ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተቀየረን ዳሌ ሁሉ በአንድ ብሔራዊ መዝገብ ትከታተላለች። ዴፑይ የተባለው ኩባንያ ኤ.ኤስ.አር. የሚባለውን፣ ኳሱም ገበሩም ብረት የሆነ ዳሌ በ2010 እ.ኤ.አ. ከዓለም ገበያ ሲሰበስብ፣ ዳሌው በብዛት እየተበላሸ መሆኑን ቀድሞ ያሳየው የአውስትራሊያ መዝገብ ነበር። ያ ዳሌ ለ93 ሺሕ ያህል ሰዎች ተተክሎ ነበር። አንዲት በሽተኛ «ያመኛል» ስትል የሚጽፍላት ሰው ባይኖር ኖሮ ቁጥሩ ከዚህም በላይ በሆነ ነበር።

ዘግይተን የምንደርስበት ችግር ኢንፌክሽን ብቻ አይደለም። የተቀየረ ዳሌ፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት፣ ሊወልቅ ይችላል። ብዙ ሐኪሞች ዳሌውን ከኋላ በኩል ከፍተው ስለሚሠሩ ጉልበት ከዳሌ ከፍ እንዳይል፣ እግርና እግር እንዳይጠላለፍ፣ ጎንበስ ተብሎ መሬት ያለ ነገር እንዳይነሣ ያዝዛሉ። ትእዛዙ የተጻፈው ወንበርና ከፍ ያለ አልጋ ለለመደ ሕዝብ ነው። የእኛ ቤት ዝቅ ያለ ነው። ቡናው በበርጩማ ነው፣ ሽንት ቤቱ ብዙ ቦታ ቁጢጥ ተብሎ የሚገባበት ነው፣ እንጀራ ጋጋሪዋ ምድጃው ሥር ናት። በሰሙነ ሕማማት የሚሰግዱ እናቶች አሉ፣ በቀን አምስት ጊዜ ግንባራቸውን ምድር የሚያስነኩ አባቶች አሉ። የንስሐ አባት ለሕመምተኛ ስግደቱን ያቀላሉ፣ በእስልምናም ሕመምተኛ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይሰግዳል፤ ነገር ግን ከሆስፒታል ስትወጣ «እማማ፣ ይሰግዳሉ? ሽንት ቤትዎ እንዴት ያለ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ካልተገኘ እናቲቱ ይህ ሁሉ ከዳሌዋ ጋር እንደሚገናኝ በምን ታውቃለች? መሐሉ የተቆረጠ ጠንካራ ወንበር ጉድጓዱ ላይ ማስቀመጥ፣ አልጋውን በጡብ ከፍ ማድረግ፣ ቡናውን ከፍ ባለ ወንበር ሆኖ መጠጣት ብዙ ወጪ የሌለው ነገር ነው።

ዳሌ ሲወልቅ ሕመሙ ድንገተኛ ነው፤ እግሩ ብዙ ጊዜ አጥሮና ወደ ውስጥ ዞሮ ይታያል፣ መቆም አይቻልም። ያን ጊዜ ወጌሻ አይጠራም። ወጌሻዎቻችን በተፈጥሮ አጥንት ላይ የዘመናት ልምድ አላቸው፤ ውስጡ ብረት ያለበትን ጭን መጎተት ግን በብረቱ ዙሪያ ያለውን አጥንት ሊሰብር፣ ነርቩንም ሊጎዳ ይችላል። ሆስፒታል ውስጥ በማደንዘዣ ይመለሳል፣ በሰዓታት ውስጥ ቢሆን ይመረጣል። ባቱ ያበጠና የከበደው፣ ወይም ትንፋሽ ድንገት ያጠረው ሰው ደግሞ የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው የሚሮጠው፤ የደም ማቅጠኛውም እስከ 35 ቀን ድረስ የሚታዘዘው በከንቱ አይደለምና ገንዘብ ለመቆጠብ ተብሎ አይቋረጥ።

ብረቱ በወጣበትና ሌላ ዳሌ በተተከለበት ቀዶ ሕክምና መካከል ያሉት ወራት በእናቴ ላይ ያደረጉትን የትኛውም ራጅ አያሳይም። ለቅሶ መድረስ የማትችል ሴት ከዕድሯ፣ ከማኅበሯ፣ ከሰፈሯ ወሬ ትወጣለች። «ሸክም ሆንኩባችሁ» ማለት ጀመረች፤ መብላት ተወች። ያነሣት ምክር አልነበረም። የዕድሯ ሴቶች ስብሰባቸውን ወደ እኛ ቤት አመጡት፣ ሒሳብ መዝገቡንም እንደ ወትሮው እሷ ያዘች። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ የሰጠቻትን እንቅስቃሴ ብቻዋን ስትሆን ትተወዋለች፤ ሰው እየቆጠረላት ግን ትሠራዋለች። የታመመ ሰው ሥራ ያስፈልገዋል፣ ጠያቂም ብርቱካን ከማምጣት አልፎ አንድ ነገር ቢያሠራው ይጠቅመዋል።

ከሆስፒታሎቻችን የምፈልገው ትንሽ ነው። ከሚተከለው ዕቃ ማሸጊያ ጋር የኩባንያው ስም፣ መጠኑና የምርት ቁጥሩ ያለበት ተለጣፊ ወረቀት ይመጣል፤ አንዱ በበሽተኛው መዝገብ ላይ ይለጠፋል። የዚያ ወረቀት ቅጂና የቀዶ ሕክምናው ማስታወሻ በእጇ ሳይሰጣት ማንም ወደ ቤቷ አትሂድ፤ ከውጭ አገር ታክመው የሚመጡም ይህን ሳይቀበሉ አውሮፕላን አይሳፈሩ። ቁስሏ ከ7 ቀን በኋላ የረጠበ፣ ወይም ትኩሳትና አዲስ ሕመም ያላት በሽተኛ ካርድ ክፍል ሳትሰለፍ በዚያው ቀን የቀዶ ሐኪም እንዲያያት ይደንገግ። ሌሊትም የሚነሣ፣ ስለ ዳሌ የሚያውቅ ሰው የሚመልስበት አንድ ስልክ ቁጥር ይሰጣት። የአጥንት ሐኪሞችም በማኅበራቸው ተሰብስበው አንድ ነገር ይወስኑ፦ በሌላ ሐኪም የተሠራች፣ ቁስሏ የሚፈስ በሽተኛ በራቸው ላይ ስትደርስ መጀመሪያ ተቀብለው ፈሳሹን ይቅዱ፣ ደሟን ይመርምሩ፣ ራጅ ያንሡ፤ ወደ ሠራት ሐኪም መላክ ካለባትም ውጤቱን አስይዘው፣ ራሳቸው ደውለው ያስተላልፏት።