ስለ ፔልቲየር ማቀዝቀዣ ለደሴና ለኮምቦልቻ ነጋድያን የቀረበ አሳብ

የኮምፒውተር ዕቃ የሚሸጡ ነጋድያን እንደሚያውቁት የሠርግ ፊልም የሚያቀናብረው፣ የሕንፃ ንድፍ የሚሠራው፣ የጨዋታ ቤት የከፈተውም ሁሉ ኀይለኛ ግራፊክስ ካርድ ይሻል። ካርዱን የገዛ ሰው ስለ ማቀዝቀዣው መጠየቁ አይቀርም፤ 300 ዋት የሚበላ ካርድ ያንኑ 300 ዋት መልሶ ሙቀት አድርጎ ያወጣዋልና። ከማቀዝቀዣዎችም መካከል ፔልቲየር የተባለችው ትንሽ ሰሌዳ ከውሃ ቱቦና ከራዲያተር ጋር ብትገጠም ካርዱን ከክፍሉ አየር ይልቅ ታቀዘቅዛለች ተብላ ትወደሳለች። ውዳሴው ሐሰት አይደለም። ነገር ግን አስመጪዎቻችን በዚህ ዕቃ ገንዘባቸውን ከማዋላቸው በፊት ሒሳቡን አስቀድመው ይመለከቱት ዘንድ እመክራለሁ።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ዣን ፔልቲየር የተባለው ፈረንሳዊ በ1834 (እ.ኤ.አ.) ሁለት ልዩ ልዩ ብረቶች በተጋጠሙበት ቦታ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ አንደኛው መጋጠሚያ እንደሚቀዘቅዝ፣ ሁለተኛው እንደሚሞቅ አስተዋለ። ዛሬ በገበያ የምትገኘው 4 በ4 ሳንቲ ሜትር ሰሌዳ በዚሁ ሕግ ትሠራለች። 12706 የሚል ጽሑፍ ያለባት እንደ ሆነ 127ቱ የጥንዶቿን ቍጥር፣ መጨረሻው 06 የአምፔሩን መጠን ያመለክታል። ይህን ያላወቀ ሻጭ 12715 የተባለችውን ቍጥሯ ስለ በለጠ ብቻ ትሻላለች ብሎ ይሸጣል፤ ገዢው ግን ቤቱ ገብቶ 15 አምፔር የሚሰጥ ፓወር ሰፕላይ ያጣል።

ሰሌዳዪቱ ሙቀትን ከአንዱ ፊቷ ወደ ሌላው ታሻግራለች እንጂ አታጠፋም፤ የማሻገሪያውንም ዋጋ ታስከፍላለች። በሁለቱ ፊቶቿ መካከል የ30 ዲግሪ ያህል ልዩነት ሲኖር አንድ ዋት ሙቀት ለማሻገር ሁለት ዋት ያህል ኤሌክትሪክ ብትበላ የሚያስደንቅ አይደለም። እንግዲህ የ300 ዋቱን ካርድ ሙቀት ለማንሣት ዐሥር ያህል ሰሌዳና 600 ዋት ተጨማሪ ኀይል ያስፈልጋል፤ ራዲያተሩም የሚያስወግደው 300 መሆኑ ቀርቶ 900 ዋት ይሆናል። በቀን 8 ሰዓት ቢሠራ ተጨማሪው ብቻ 4.8 ኪሎ ዋት ሰዓት፣ በ30 ቀን ደግሞ 144 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ይህን ሒሳብ ሻጩ ቢደብቀው እንኳ ቆጣሪው ይናገራል።

በጋቢ ተጠቅልሎ ከደሴ የተነሣ ሰው ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ ሲደርስ ጋቢውን ያወልቃል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ናቸው። የደሴ ብርድ ያለ ዋጋ የተሰጠ ማቀዝቀዣ ስለ ሆነ ፔልቲየር ሳይጨመርበት ተራው የውሃ ማቀዝቀዣ በደኅና ይሠራል። አንድ ነገር ግን መታወቅ አለበት፤ የደጋ አየር ቀዝቃዛ ቢሆንም ስስ ነው። በደሴ የሚዞር ፋን በባሕር ዳርቻ ከሚዞረው ይልቅ በክብደት አንድ አምስተኛ ያህል ያነሰ አየር ያሳልፋል። ስለዚህ በውጭ አገር ባለ 240 ሚሊ ሜትር ራዲያተር ይበቃል ለሚባልለት ካርድ እኛ ባለ 360ውን ብናዝዝ ይሻላል። ትርፍ የሚገኝበትም ዕቃ ይኸው ነው።

የፔልቲየር ሌላው ጠንቅ ጤዛ ነው። በክረምት የክፍሉ ሙቀት 20 ዲግሪ፣ እርጥበቱ 70 በመቶ ቢሆን ከ14 ዲግሪ ገደማ በታች የቀዘቀዘ ነገር ሁሉ ውሃ ያዥጎደጉዳል፤ ውሃውም የሚንጠባጠበው በብዙ ሺህ ብር በተገዛ ካርድ ላይ ነው። ደግሞም የሰሌዳዪቱ ፓወር ሰፕላይ ብቻውን ቢቃጠል እርሷ በካርዱና በውሃው መካከል እንደ ግድግዳ ቆማ ሙቀቱን ትከለክላለች። በዋስትና የሸጠ ባለ ሱቅ ካርዱን ከኪሱ ይተካል።

ይህን ማለቴ ሰሌዳዪቱን ከአገር ለማስወጣት አይደለም። ለስኳር ሕመምተኛ የኢንሱሊን ሣጥን፣ ለቢሮ የመጠጥ ውሃ ማቀዝቀዣ፣ እነዚህን ለመሰለ አነስተኛ ሥራ ጋዝም ኮምፕሬሰርም የማትሻ፣ ከመኪና ባትሪ 12 ቮልት የምትሠራ መልካም ዕቃ ናት። ለግራፊክስ ካርድ ግን ፓምፕ፣ ሰፊ ራዲያተርና የተነጠረ ውሃ ይበቃሉ። የተነጠረውም ውሃ ለመኪና ባትሪ የሚጨመረው ዐይነት ነው፤ አሲዱን በስሕተት እንዳይገዙት ግን ይጠንቀቁ! መዳብና አሉሚኒየምም በአንድ ውሃ ውስጥ ከተገናኙ አሉሚኒየሙ ይበላልና በአንድ ትእዛዝ ውስጥ አይቀላቀሉ።

ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ያለ ሒሳብ የታዘዘ ዕቃ ጉዳቱ ከቀድሞው ይልቅ ከባድ ሆኗል። በ2014ቱ ጦርነት ንብረቱን አጥቶ እንደ ገና የጀመረ ነጋዴም መደርደሪያው ላይ በሚቀር ሸቀጥ ሊፈተን አይገባውም። ስለዚህ በሁለቱ ከተሞች የሚሸጥ ማንኛውም ማቀዝቀዣ የሚያነሣው ሙቀትና የሚበላው ኤሌክትሪክ በዋት ተለይቶ እንዲጻፍበት ነጋድያኑ እንዲስማሙ ለንግድ ምክር ቤታችን አሳብ አቀርባለሁ። ናሙናውንም የወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት እንዲመረምረው ቢጠየቅ መልካም ነው፤ ምርመራውም በደሴም በኮምቦልቻም ይደረግ፤ የአንደኛው ውጤት ለሁለተኛው አይሠራምና።