ሰባ ቁጥር፦ ቁጥሩ ሄደ፣ መንገዱ አለ

ዋሽንግተን ዲሲ የኖረ ኢትዮጵያዊ ሰባ ቁጥርን ያውቀዋል። ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነስቶ፣ በጆርጂያ ጎዳና በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ደጃፍ አልፎ፣ በ7ኛው መንገድ መሀል ከተማ የሚወርደው አውቶቡስ ነበር። ቁጥሩ እ.ኤ.አ. ጁን 29 ቀን 2025 ቀርቷል።

ታሪኩ ግን ሩቅ ነው። በ7ኛው መንገድ በፈረስ የሚጎተት ትራም የተጀመረው በ1862 ነው። ያኔ ጥቁር ተሳፋሪ ከነጭ እኩል አይስተናገድም ነበር። ኮንግረስ በ1865 በከተማው ትራሞች ሰውን በቀለሙ መከልከልን በሕግ አገደ። በዚያው ዓመት የነጻነት ታጋይዋ ሶጆርነር ትሩዝ፣ ገፍትሮ ሊያወርዳት የሞከረውን ትኬት ቆራጭ አሳሰረች። ዛሬ ማንም በፈለገበት ወንበር የሚቀመጠው እንዲህ ባሉ ሰዎች ተጋድሎ ነው።

በ1930ዎቹ ሐኪም መላኩ በያን ሃዋርድ ሲማሩም በዚሁ ጎዳና ትራም ይመላለስ ነበር። ትራሙ ጃንዋሪ 3 ቀን 1960 ሲቆም 70 ቁጥርን አውቶቡስ ወረሰው፤ በ1973 ደግሞ ሜትሮባስ ተረከበው።

አሁን በጎዳናው የሚሄደው ዲ40 ይባላል። ለወጣቱ ይህ ቀላል ነገር ነው። እንግሊዝኛ ሳያነቡ፣ "ሰባ"ን በመልኳ ለይተው ሐኪም ቤትና ገበያ ሲመላለሱ ለኖሩ እናት ግን መንገዱ ራሱ የጠፋ ያህል ነው። ልጆች ሆይ፣ ወረቀት ላይ ጽፎ መስጠት ብቻ አይበቃም። አንድ ቅዳሜ አብራችኋቸው ተሳፈሩ፤ አዲሱን ምልክት አሳዩአቸው። እነሱም እናንተን መንገድ ያሳዩት እጃችሁን ይዘው ነው።