ካሚዮን ለረጅም መንገድ ስለ ማሰናዳት

የቀድሞው ሲራራ ነጋዴ ከደጋ ወደ ባሕር ጠረፍ ለመውረድ ባሰበ ጊዜ አስቀድሞ የሚመለከተው ዕቃውን ሳይሆን የጭነት ከብቱን ጀርባ ነበር። ገጣባ የያዘው በቅሎ ወይም ሰኰናው የተሰነጠቀ አህያ ቢገኝ ጭነቱ ለሌሎቹ ይከፋፈላል፤ ይህም ያልተቻለ እንደ ሆነ ጕዞው ይቈያል እንጂ የታመመው ከብት ተጭኖ አይነሣም። ነጋዴው ይህን ማድረጉ ከርኅራኄ ብቻ የመጣ አልነበረም፤ በበረሓ መካከል የወደቀ በቅሎ ጭነቱንም ሰውንም ይዞ እንደሚቀር ስለሚያውቅ ነው። ዛሬ በበቅሎው ፈንታ የቆመው በናፍጣ የሚሠራው ካሚዮን ግን እንደ ከብት ስለማያነክስና ስለማይጮኽ፥ ባለቤቱ ሕመሙን ሳይጠይቅ ጭኖ ይሰደዋል።

ጭነቱም የበቅሎ ጭነት አይደለም። የአንድ በቅሎ ሸክም ከአንድ ኩንታል ብዙ አይበልጥም ነበር፤ ተሳቢ ያለው ካሚዮን ግን እስከ 400 ኩንታል ይጭናል። ከ1990 ዓ.ም. ጦርነት ወዲህ በአሰብ በኩል የነበረው ንግድ ስለ ተቋረጠ የኢትዮጵያ ገቢና ወጪ ዕቃ አብዛኛው በጅቡቲ ወደብ ይመላለሳል። በ2010 ዓ.ም. አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ሥራውን ቢጀምርም፥ ማዳበሪያውም ስንዴውም ብረቱም ገና በካሚዮን ጀርባ ላይ ይገኛል። መንገዱ ከአዲስ አበባ በአዋሽ፥ በሚሌና በጋላፊ በኩል 900 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል፤ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ካለው ደጋ ተነሥቶ እስከ ባሕሩ ዳር ይወርዳል። በመካከሉ ባለው የአፋር ቆላ ሙቀቱ በሞቃቱ ወራት ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ማለዳ በደጋ ብርድ የተነሣው ሞተር ሳይውል ሳያድር እሳት በመሰለ ነፋስ ውስጥ ይገባል ማለት ነው።

ስለዚህም ካሚዮኑ የሚድንበት ወይም የሚሰበርበት ስፍራ መንገዱ ብቻ አይደለም። አብዛኛው ነገር የሚወሰነው ገና ከመነሣቱ በፊት በግቢ ውስጥ ነው።

የናፍጣ ሞተር ጠባዩ ከቤንዚኑ የተለየ ነው። ጀርመናዊው ሩዶልፍ ዲዝል እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ1897 በአውግስቡርግ ከተማ ሠርቶ ያሳየው ይህ ሞተር እሳት የሚጭር ካንዴላ የለውም። አየሩን ብቻ ወደ ውስጥ ስቦ ከ16 እስከ 20 እጥፍ አጥብቆ ይጨምቀዋል፤ የተጨመቀውም አየር እጅግ ስለሚግል ናፍጣው እንደ ጉም ተረጭቶ ሲገባ በራሱ ይነዳል። ናፍጣውን በታላቅ ግፊት የሚያስገባው ፖምፓ በ1927 በቦሽ ፋብሪካ በብዛት መሠራት ከጀመረ ወዲህ የናፍጣ ካሚዮን በዓለም ሁሉ ተስፋፋ። በፖምፓው ውስጥ የሚመላለሱት ብረቶች እርስ በርሳቸው የተጋጠሙበት ክፍተት የአንድ ሚሊ ሜትር ሺኛ እጅ በሚለካበት ሚዛን የተሠራ ስለ ሆነ፥ ለዐይን የማይታይ ደቃቅ አሸዋ ይፍቃቸዋል፤ ውሃም ያዝጋቸዋል። አሁን የሚሠሩት ሞተሮች ግፊታቸው ከቀድሞዎቹ በብዙ እጥፍ የበለጠ በመሆኑ ቆሻሻ ናፍጣን ከቶ አይታገሡም።

ውሃው ከወዴት ይመጣል ያሉ እንደ ሆነ፥ ብዙ ጊዜ ከሰማይ ሳይሆን ከማጠራቀሚያው ባዶነት ነው። ግማሽ የጐደለ ማጠራቀሚያ በደጋ ብርድ ሲያድር በውስጡ ያለው እርጥብ አየር ወደ ጠልነት ተለውጦ በግድግዳው ላይ ይወርዳል፤ ውሃም ከናፍጣ ስለሚከብድ ከታች ይዘቅጣል። ስለዚህ አስተዋይ ነጂ ማጠራቀሚያውን ማታ ሞልቶ ያድራል፤ ማለዳም ሞተሩን ሳያስነሣ ከማጣሪያው ሥር ያለውን መክፈቻ ጥቂት ፈታ አድርጎ ውሃውን ያፈሳል። በመንገድ ላይ ከበርሜል መቅዳት ግድ የሆነበት እንደ ሆነም የበርሜሉን ግርጌ አይቀዳም፤ በጥሩ ጨርቅም ሳያጠልል አይጨምርም። ሁለት አዲስ የናፍጣ ማጣሪያ በመሣሪያ ሣጥኑ ይይዛል። ማጣሪያ በተለወጠ ጊዜ አየር ወደ ቧንቧው ስለሚገባ፥ በእጅ በሚሠራው ትንሹ ፖምፓ አየሩን አስወጥቶ ናፍጣው ያለ አረፋ እስኪወርድ መጠበቅ ያስፈልጋል። ይህን የማያውቅ ረዳት በበረሓ መካከል ባትሪውን እስኪደክም ሲያዞር ይውላል፤ ሞተሩ ግን አየር ስለ ዋጠ አይነሣም።

ሞተሩ ናፍጣን ብቻ ሳይሆን አየርንም ይበላል። በአዲስ አበባ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳር አየር በአንድ አራተኛ ያህል የሳሳ ስለ ሆነ፥ አየር የሚያስገባ ተርቦ የሌለው አሮጌ ሞተር ጕልበቱ በዚያው መጠን ይቀንሳል። ይህን ያላወቁ አንዳንድ ባለ ካሚዮኖች ጕልበት ጐደለ ብለው ናፍጣው እንዲበዛ ፖምፓውን ያስከፍታሉ። የሚያገኙት ግን ጥቁር ጢስና ያለ ጥቅም የሚቃጠል ገንዘብ ነው፤ አየር ያላገኘ ናፍጣ ጕልበት አይሆንምና። ከዚያ ይልቅ በቆላ አቧራ የታፈነውን የአየር ማጣሪያ መለወጥ ይሻላል፤ ዋጋውም አንድ ጎማ ከሚገዛበት ገንዘብ እጅግ ያነሰ ነው።

ስለ ማቀዝቀዣው ውሃም እንዲሁ። በአዲስ አበባ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የራዲያተሩ ክዳን በውስጡ ባለው ምንጭና ጎማ ግፊቱን ስለሚይዝ ውሃው ቶሎ እንዳይፈላ ያደርገዋል፤ የክዳኑ ጎማ የተበላ እንደ ሆነ ግን በትንሽ ነገር ታላቅ ሞተር ይነዳል። ክዳኑን በሙቀቱ የሚከፍት ሰው ፊቱን ይቃጠላል፤ በጋለው ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ የሚያፈስም ቴስታታ የሚባለውን የሞተሩን ራስ ይሰነጥቀዋል። ቺንጋውን በእጅ መዳሰስ፥ ቧንቧውን ጨምቆ ማየት፥ የሞተሩን ዘይት መለካት ከሩብ ሰዓት የሚበልጥ ሥራ አይደለም።

ጎማን በተመለከተ አንድ የተሳሳተ ልማድ አለ። በቆላ ሲደርሱ ጎማው ሞቆ አየሩ ስለሚጠነክር አንዳንዶች አስተንፍሰው ይሄዳሉ። የረገበ ጎማ ግን ጐኑ በየዙሩ ስለሚታጠፍ ሙቀቱ ይብስበታል፤ የሚፈነዳውም ከጥጋብ ይልቅ በረኃብ ነው። አየሩ መለካት ያለበት ማለዳ ጎማው ሳይሞቅ ነው። በጥንድ ጎማዎች መካከል የተሰነቀረውን ድንጋይ ማውጣት፥ ጎማ በተለወጠ ጊዜም ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ተሂዶ ዳዶውን ሁለተኛ ማጥበቅ አይዘነጋም። በመስተዋቱ ላይ የቅዱሳን ሥዕል ለጥፎ፥ ሲነሣም አማትቦ የሚሄድ ነጂ ብዙ ነው፤ መልካም ልማድ ነው። ያማተበው እጅ ዳዶውን ደግሞ ቢዳስስ ከሃይማኖት ጐደለ የሚለው የለም።

ከሁሉ የሚያስፈራው ግን መውጣት ሳይሆን መውረድ ነው። ከጣርማ በር ዋሻ 3,000 ሜትር ከሚያልፈው ከፍታ በደብረ ሲና አልፎ 1,300 ሜትር ያህል ወደሆነው ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ፥ ወይም ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ሸለቆ ከ1,000 ሜትር በላይ የሚወርድ ባለ ተሳቢ ካሚዮን፥ የክብደቱ ጕልበት ሁሉ ወደ ሙቀት ካልተለወጠ በቀር አይገታም። ሙቀቱን ፍሬኑ ብቻ እንዲሸከም የተተወ እንደ ሆነ ታምቡሩ ግሎ ይሰፋል፤ ሸራውም መያዙን ይተዋል፤ ነጂው ቢረግጥም የሚሰማው የለም። ስለዚህ ማርሹ ቍልቍለቱ ሳይጀመር መቀነስ አለበት፤ ያን ዳገት የሚወጣበት ማርሽ ያው የሚወርድበት ነው ይላሉ የቀደሙት ነጂዎች። የጢስ መውጫውን ዘግቶ ሞተሩን የሚያስገታው መሣሪያም ለጌጥ የተሠራ አይደለም።

ነገር ግን ናፍጣ ለመቆጠብ ብለው ማርሽ አውጥተው የሚንከባለሉ አልጠፉም። ይህ ቁጠባ ሐሰተኛ ነው። ካሚዮኑ በማርሽ ሲወርድ እግር ከመርገጫው ከተነሣ ፖምፓው ናፍጣ መስጠቱን ያቋርጣል፤ ሞተሩን የሚያዞረው ቍልቍለቱ ነውና። ማርሽ የወጣ እንደ ሆነ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ናፍጣ ይጠጣል። ሞተሩን አጥፍቶ የሚወርደውማ የፍሬኑን አየር የሚሞላውን መሣሪያ አብሮ አጥፍቶታል። አንዲት ጠብታ ናፍጣ ሳይተርፍለት የራሱንና የመንገደኛውን ነፍስ ለዕድል ይሰጣል። በዚህ ምክንያት የአየር ማጠራቀሚያዎቹን ውሃ በየማለዳው ማፍሰስና የሸራውን ውፍረት ከመነሣት በፊት ማየት ከሌላው ሁሉ ይቀድማል።

በመንገድ ላይ የተሰበረ ካሚዮን ጕዳቱ በባለቤቱ ብቻ የሚቀር አይደለም። ረዳቱ ጎማው እንዳይንከባለል ታኮ ወይም ድንጋይ ያስገባል፤ ከኋላም ለምልክት ድንጋይ ይደረድራል። ከተጠገነ በኋላ ድንጋዩን ሳያነሣ ይሄዳል፤ ሌሊት የሚመጣው ሌላ ሰው ያገኘዋል። ብርሃን የሚያንጸባርቅ ሦስት ማዕዘን ምልክት ይዞ የማይወጣ ካሚዮን ሊጫን አይገባውም ነበር።

እነዚህን ነገሮች ነጂዎቹ አያውቁም ለማለት አይደለም፤ ብዙዎቹ ከማንም ይልቅ ያውቃሉ። ያጡት ቀኑን ነው። የጭነት ውል ሲጻፍ ዕቃው የሚደርስበት ቀንና የዘገየ እንደ ሆነ የሚቀነሰው ገንዘብ ይጻፋል፤ ካሚዮኑ የሚመረመርበት ቀን ግን አይጻፍም። ባለቤቱ የቆመበትን ቀን እንደ ኪሳራ ይቈጥረዋል፤ ነጂውም ክፍያው በምልልስ ብዛት ከሆነ ፍሬኑ እንደሳሳ እያወቀ ዝም ብሎ ይነሣል። በየዓመቱ የሚደረገው ምርመራና የሚለጠፈው ቦሎ በጎ ነገር ነው፤ ሆኖም በወር ሦስት ጊዜ ጅቡቲ ደርሶ የሚመለስ ካሚዮን በዓመት ከ60,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። በመስከረም የታየ ሸራ ስለ ግንቦት ምስክር ሊሆን አይችልም።

መለዋወጫ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ስለ ሆነ አይገኝም የሚል መልስ ይሰጣል። እውነትነት አለው፤ ለፖምፓና ለጎማ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ከላይ ከተነገረው አብዛኛው ውሃ ማፍሰስ፥ ማጥበቅ፥ መለካትና መዳሰስ ነው፤ ለዚህ ምንዛሪ አይጠየቅም። ይልቁንም በጊዜው ያልተለወጠ ትንሽ ማጣሪያ ፖምፓን ሲያጠፋ የበለጠውን ምንዛሪ የሚበላው እርሱ ነው።

ስለዚህ ዕቃ የሚያስጭኑ መሥሪያ ቤቶች ሹማምንት በውላቸው ላይ ጥቂት መስመር ቢጨምሩ ይበቃል፤ ይኸውም ካሚዮኑ ከመጫኑ በፊት አንድ ሙሉ ቀን ለምርመራ እንዲቆም፥ የዚያም ቀን ዋጋ በጭነቱ ኪራይ ውስጥ እንዲታሰብ፥ ነጂው ያየውን በመዝገብ ጽፎ ከመካኒኩ ጋር እንዲፈርም፥ ፍሬኑ ወይም መሪው የማያስተማምን ሆኖ አልነሣም ያለ ነጂም ስለዚህ ደመወዙ እንዳይቀነስ ነው። መዝገቡም በቢሮ መሳቢያ ውስጥ ሳይሆን ከመሪው አጠገብ ይቀመጥ፤ በሚሌ ወይም በጋላፊ የሚፈትሽ ባለሥልጣን ከዕቃው ዝርዝር ጋር እርሱንም እንዲያይ።