ማንችስተር ዩናይትድ፡ የትናንት ዝውውሮች የዛሬ ዕዳ

ማንችስተር ዩናይትድ የ2024/25 ፕሪሚየር ሊግን በ42 ነጥብ 15ኛ ሆኖ ሲያጠናቅቅ ብዙዎች ጣታቸውን የቀሰሩት በአሠልጣኞቹ ላይ ነበር። የውድቀቱ ሥር ግን ከዚያ ይርቃል።

ሰር አሌክስ ፈርጉሰን በአውሮፓውያኑ 2013 የሊጉን ዋንጫ አንስተው ሲሰናበቱ ያስረከቡት በዕድሜ የገፋ ቡድን ነበር። ፖል ስኮልስ አብሯቸው ጫማውን ሰቀለ። በቀጣዩ ክረምት ሪዮ ፈርዲናንድ፣ ኔማኒያ ቪዲች እና ፓትሪስ ኤቭራ ለቀቁ።

የክለቡን አሠራር የፖል ፖግባን ያህል የሚያጋልጥ የለም። በ2012 ውሉ አብቅቶ ወደ ጁቬንቱስ የሄደውን ወጣት ዩናይትድ ከአራት ዓመት በኋላ በ89 ሚሊዮን ፓውንድ መልሶ ገዛው። በ2022 ዳግመኛ በነጻ ሄደ።

በዚያው ዓመት ክለቡ የ30 ዓመቱን ካሴሚሮን፣ እንዲሁም ከ80 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ አውጥቶ አንቶኒን አስፈረመ። እንዲህ ያለው ወጪ በሊጉ የፋይናንስ ደንብ ሲመዘን ክለቦችን ያሳደጓቸውን ልጆች ወደ መሸጥ ይገፋል፤ ከእነርሱ ሽያጭ የሚገኘው ገንዘብ ሙሉ በሙሉ ትርፍ ተብሎ ይመዘገባልና። ስኮት ማክቶሚኔይ በነሐሴ 2024 ለናፖሊ ተሸጠ። በመጀመሪያ ዓመቱ ሻምፒዮን ሆነ፤ የሴሪ አ ምርጥ ተጫዋችም ተባለ። በእርግጥ በኦልድ ትራፎርድ እንዲህ ደምቆ አያውቅም፤ ጥፋቱ የእርሱ ብቻ ግን አይመስልም።

ሩበን አሞሪም በኅዳር 2024 ሲመጡ በሦስት ተከላካይ የሚጫወት ቡድን ፈለጉ፤ ያገኙት ለሌላ አሠላለፍ የተሰበሰቡ ተጫዋቾችን ነው። በግንቦት 2025 በቢልባኦ በቶተንሃም 1 ለ 0 ሲሸነፉ፣ ክለቡ ለ2025/26 ከአውሮፓ መድረክ ውጭ ሆነ።