«የአክስቴ ልጅ ነው በይ»

ባለፈው የሚካኤል ዕለት፣ ከየካ ሚካኤል ቅዳሴ ወጥተን ቁልቁል ስንወርድ፣ ጎረቤቴ ልጃቸው እጮኛዋን ልትጠይቅ ዋሽንግተን ልትሄድ መሆኑን አጫወቱኝ። ቪዛው ተመትቷል፣ በርበሬና ሽሮው ተዘጋጅቷል። «ኤርፖርት ላይ ማነው ቢሉሽ የአክስቴ ልጅ ነው በይ ብያታለሁ» አሉኝ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ደነገጥኩ። እኔም ያኔ ለልጄ የመከርኳት ይህንኑ ነበር። ደግነቱ አልሰማችኝም።

ቪዛ በሩ ድረስ ያደርሳል እንጂ አያስገባም፤ የሚወስነው ደለስ ኤርፖርት ያለው የኢሚግሬሽን ሠራተኛ ነው። ማን ጋ ታርፊያለሽ? ስንት ቀን? ሥራሽ ምንድን ነው? እጮኛን መጠየቅ ክልክል አይደለም። የመመለሻ ትኬትና የመሥሪያ ቤት የፈቃድ ደብዳቤ መያዝ ይበጃል። አግብቶ ለመቅረት ከሆነ ግን የጎብኚ ቪዛ አይሆንም፤ የአሜሪካ ዜጋ ለሆነ ሰው እጮኛ ኬ-1 የሚባል ሌላ ቪዛ አለ። የከፋው ውሸቱ ነው። ስልክ የመፈተሽ ሥልጣን አላቸው፤ የቀለበቱን ፎቶ ካዩ በኋላ የአክስት ልጅ ብሎ ነገር የለም። ዋሽቶ ለመግባት መሞከር ደግሞ በሕጋቸው ዕድሜ ልክ ሊያስከለክል ይችላል።

እትዬ ዝም ብለው ቆዩና፣ «ታዲያ ለሙሽራ ቀሚሱስ ምን ትበል?» አሉኝ። ለካ ሻንጣው ውስጥ ከተውታል!

«ጠይቃው ልትመለስ ነው ወይስ ልትቀር?» አልኳቸው።

እሳቸውም አያውቁም። ማታ ሊጠይቋት ነው።