ድንቅነሽን በየትኛው ሚዛን?

«ሉሲ 29 ኪሎ ትመዝን ነበር።» አለቀ። ከየት መጣ? በምን ተለካ? ጠያቂ የለም። ሥጋ ቤት ገብቶ አንድ ኪሎ ያዘዘ ሰው ዓይኑን ከሚዛኑ አይነቅልም። ከ3 ሚሊዮን ዓመት በፊት የሞተችን ፍጡር ክብደት ግን ያለ ሚዛን ይቀበላል።

ኅዳር 1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ የተገኘው የአጽሟ 40 በመቶ ገደማ ነው። ሥጋም ስብም የለም። ስለዚህ ተመራማሪዎች ክብደት የሚሸከም መገጣጠሚያ ይለካሉ፤ ለምሳሌ ዳሌ ውስጥ የሚገባውን የጭን አጥንት ክብ ጫፍ። ከዚያ ክብደታቸው በሚታወቅ አካላት ላይ በተሠራ ቀመር ያሰላሉ።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ቀመሩ የተሠራው ከማን አካል ነው? ከዛሬ ሰው ከሆነ ድንቅነሽ ትንሽ ሰው ትሆናለች፤ ከዝንጀሮ ዘመዶቻችን ከሆነ ሌላ ቁጥር ይወጣል። እሷ ግን ሁለቱንም አልነበረችም። በሁለት እግሯ ትሄዳለች፤ እግሯ አጭር፣ ክንዷ ረጅም፣ ዳሌዋ ሰፊ ነው።

ማክሄንሪ እ.ኤ.አ. በ1992 ለዝርያዋ ሴቶች 29፣ ለወንዶች 45 ኪሎ ገመተ። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት ደግሞ አጽሟን በኮምፒውተር አልብሶ ይዘቱን ሲለካ 20 ኪሎ ገደማ አገኘ፤ ያውም ከ13 እስከ 31 ሊደርስ ይችላል ብሎ። አጥንቱ ያው ነው፤ የተለወጠው ዘዴው ነው።

«ዘጠኝ ኪሎ ምን ያመጣል?» የሚል አይጠፋም። ብዙ ያመጣል። አካሏ ካነሰ አንጎሏ ከአካሏ አንጻር ይተልቃል። የወንድና የሴት ልዩነት ከሰፋ ስለ ኑሯቸው የሚነገረው ታሪክ ይለወጣል። በዚያ ላይ አንዲት ሴት ዝርያውን ሁሉ አትወክልም፤ ከወራንሶ ሚሌ የተገኘውና በአፋርኛ «ትልቅ ሰው» የተባለው ካዳኑሙ ከእሷ እጅግ ይረዝማል።

«ሰፊ ግምት አንባቢን ግራ ያጋባል» የሚለው ሰበብም ውሃ አያነሳም። ማሳውን አይቶ «ከስምንት እስከ አሥር ኩንታል ይወጣዋል» የሚል ገበሬ ባለበት አገር ግምትን ማን ያስተምራል?

ስለዚህ ጋዜጠኛውም፣ አስጎብኚውም፣ መምህሩም ቁጥሩን ብቻውን አይልቀቁት። «በዚህ ዘዴ፣ ከዚህ እስከዚህ» ይበሉ። ግምትን እንደ ሚዛን ውጤት ማቅረብ ድንቅነሽን ማክበር አይደለም።