ስለ ባለ ተሰጥኦ ሕፃናት አመራረጥ

ማናቸውም መንግሥት ለትምህርት ከሚያወጣው ገንዘብ ጥቂቱን ከፍ ያለ የአእምሮ ተሰጥኦ ላላቸው ሕፃናት ለይቶ ቢያውል የሚያስነቅፈው ነገር የለም። ፈጥኖ የሚረዳ ልጅ አንዱን ትምህርት ሦስት ጊዜ እየሰማ ሲቀመጥ ልቡናው እንደሚሰለች፣ ከመሰልቸትም ወደ ስንፍና ወይም ወደ ሁከት እንደሚያዘነብል መምህራን ሁሉ ያውቁታል። ክርክር የሚነሣው እነዚህ ልጆች እነማን እንደ ሆኑ በሚለዩበት ሥርዓት ላይ ነው። በዚህም ነገር ብዙ ሰዎች የሚከራከሩት ስለ ፈተናው ዐይነት ነው። ከዚያ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው ግን ልጁን ወደ ፈተናው የሚጠራው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ነው።

የቡና ነጋዴ ይህን ከመምህር ይልቅ ቶሎ ይረዳዋል። መጋዘን ሙሉ ቡና ሊገዛ የመጣ ሰው ሻጩ መርጦ ካቀረበለት ከሁለትና ከሦስት ጆንያ ብቻ ናሙና ወስዶ ዋጋ አይቈርጥም፤ ከየጆንያው ይወስዳል፣ ከላዩም ከታቹም ያያል። ሚዛኑ የቱንም ያህል ትክክለኛ ቢሆን ያልቀረበለትን ሊመዝን አይችልምና። በብዙ ቦታ ያሉ ትምህርት ቤቶች ግን በልጆች ነገር የሚሠሩት እንደዚህ አይደለም። ወላጅ ያመለከተለት ወይም አስተማሪ ያሳሰበለት ልጅ ይመረመራል፤ ማንም ያላሳሰበለት ልጅ ሳይመረመር ይቀራል፤ በመጨረሻም በዝርዝሩ ላይ ስሙ የታጣው ልጅ ተሰጥኦ እንደሌለው ሆኖ ይቈጠራል።

ይህ አሠራር ምን ያህል እንደሚያስት በጥሩ ሁኔታ የታየው በአሜሪካ፣ በፍሎሪዳ ግዛት፣ ብራዋርድ በተባለው ወረዳ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ወረዳው በዚያን ጊዜ ከ250 ሺህ የሚበልጡ ተማሪዎች ነበሩት። የግዛቲቱ ደንብ እንደሚያዝዘው፣ የመካከለኛው ሰው ነጥብ 100 በሚሆንበት የማስተዋል መለኪያ 130 ያገኘ ልጅ ባለ ተሰጥኦ ይባላል። ቤተ ሰቡ ድኻ ለሆነ ወይም እንግሊዝኛን ገና ለሚማር ልጅ ደግሞ 116 ይበቃዋል ተብሎ ተፈቅዶ ነበር። ደንቡን ያወጡት ሹማምንት በዚህ ፍርዱ የተስተካከለ መስሏቸው ነበር። ነገር ግን ከወረዳው ተማሪዎች ከእኩሌታ በላይ የሚሆኑት ጥቁሮችና የላቲን አሜሪካ ተወላጆች ሲሆኑ፣ ባለ ተሰጥኦ ተብለው ከተለዩት የሦስተኛ ክፍል ልጆች መካከል 28 በመቶ ብቻ ነበሩ። በሩን ዝቅ ማድረግ ወደ በሩ ላልተጠራ ሰው ምን ይጠቅመዋል?

ከዚህ በኋላ ወረዳው በ2005 ዓ.ም. አሠራሩን ለወጠ። የሁለተኛ ክፍል ልጆች ሁሉ፣ ወላጅ ሳያመለክት፣ አስተማሪም ሳያሳስብ፣ በየክፍላቸው እንደ ተቀመጡ አንድ አጭር ፈተና እንዲፈተኑ ታዘዘ። ፈተናው ቋንቋ የማይጠይቅ፣ በቅርጾችና በሥዕሎች የተዘጋጀ ነበር። በዚህ ጥሩ ነጥብ ያገኙት ወደ ሥነ ልቡና መርማሪ እየቀረቡ ሙሉውን ምርመራ ተመረመሩ። ልብ ሊባል የሚገባው፣ የመግቢያው ነጥብ አለመነካቱ ነው፤ 130ም 116ም እንደ ነበሩ ቀሩ። የተለወጠው የሚጠሩት ልጆች ብዛት ብቻ ነበር። ከላቲን አሜሪካ ተወላጆች ልጆች መካከል ባለ ተሰጥኦ ተብለው የተለዩት ከመቶ 2 የነበሩት 6 ሆኑ፤ ከጥቁሮቹ ከመቶ 1 የነበሩት 3 ሆኑ፤ ነጮቹም ቢሆኑ ከ6 ወደ 8 ከፍ አሉ። ነገሩን መርምረው በ2016 ዓ.ም. ያሳተሙት ዴቪድ ካርድና ላውራ ጁሊያኖ የተባሉ የኤኮኖሚ ሊቃውንት ናቸው፤ ካርድ በኋላ በ2021 ዓ.ም. በሌላ ሥራቸው የኖቤል ሽልማት ካገኙት አንዱ ሆነዋል። በቀድሞው ሥርዓት ከሚገባቸው ባነሰ ሲጠቈሙ የኖሩት የድኾችና የጥቁሮች ልጆች፣ የላቲን አሜሪካ ተወላጆች፣ እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው የሆኑት፣ እንዲሁም ሴቶች ልጆች ጭምር እንደ ነበሩ በጥናታቸው አስረድተዋል።

ይህን የሰማ ሰው አስተማሪዎቹን በክፋት ሊጠረጥር ይችል ይሆናል። ግን ክፋት አያስፈልገውም። በአንድ ክፍል የሠላሳ ልጆች ኀላፊነት ያለበት መምህር ብልህ ብሎ የሚጠቍመው እጁን ቶሎ የሚያነሣውን፣ አንደበተ ርቱዕ የሆነውን፣ የቤት ሥራውን በንጹሕ ደብተር ይዞ የሚመጣውን ነው። ይህም በአብዛኛው በቤቱ መጽሐፍ ያለው፣ እናቱ ወይም አባቱ ማታ አጠገቡ የሚቀመጡለት ልጅ ነው። ዝም ብሎ ከኋላ የሚቀመጠው፣ የትምህርት ቤቱን ቋንቋ እየተንተባተበ የሚናገረው፣ ትንሽ ወንድሟን ስታዝል አምሽታ ደክሟት የምትመጣው ልጅ፣ እነዚህ ሁሉ ተሰጥኦ ቢኖራቸው እንኳ ተሰጥኦአቸው የሚታየው ሌላ መልክ ለብሶ ነው። ወላጅም እንደዚሁ ነው። ማመልከቻ የሚባል ነገር መኖሩን የሚያውቀው ወላጅ ያመለክታል። በብራዋርድማ ገንዘብ ያለው ወላጅ ልጁን ለግል መርማሪ ከፍሎ ማስመርመር ይችል ነበር፤ ይህም የማይችለውን ይበልጥ ወደ ኋላ አስቀርቶታል።

በዚህ ላይ ከአስተዳደር ወገን የሚነሣው ተቃውሞ የወጪ ነገር ነው፤ ተቃውሞውም የሚናቅ አይደለም። ሁሉን ልጅ መፈተን ወረቀት፣ ሰዓትና ደመወዝ ይጠይቃል። ብራዋርድም ለሥነ ልቡና መርማሪዎቹ የትርፍ ሰዓት እየከፈለ ነበር ያሠራቸው። ከ2008 ዓ.ም. የገንዘብ ቀውስ በኋላ በጀት ሲጠብ ከተቈረጡት ነገሮች አንዱ ይኸው የሁሉ ምርመራ ሆነ። ሲቈረጥም አንድም ልጅ ሲያለቅስ አልተሰማም፤ አንድም ወላጅ ሊከስስ አልመጣም፤ ያጡትን ነገር አላወቁትምና። ልዩነቱ ግን ወደ ቀድሞው መጠን ተመለሰ፤ ወረዳው በኋላ ምርመራውን በሌላ መልክ እንደ ገና ለመጀመር ተገደደ። የትምህርት በጀት የሚያዘጋጅ ሹም ሊያስብበት የሚገባው ይህ ነው፦ መንገድ ሳይጠገን ሲቀር ነጋዴው ይጮኻል፤ ያልተመረመረ ልጅ ግን አይጮኽም፤ ስለዚህም በቍጠባ ጊዜ ቀድሞ የሚሠዋው እርሱ ነው።

ይኸው ነገር ከዚህ በፊት በእንግሊዝ አገርም ታይቶ ነበር። ከ1944 ዓ.ም. የትምህርት ሕግ በኋላ የእንግሊዝ ልጆች በ11 ዓመታቸው እየተፈተኑ ከፍ ወዳለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚገቡትና የማይገቡት ይለዩ ነበር። በሃርትፎርድሺር አውራጃ አንድ ክፍል የማስተዋል ፈተናው በተተወ ጊዜ የሠራተኞች ልጆች ድርሻ መቀነሱን ጂን ፍላውድና ኤ. ኤች. ሃልሲ የተባሉ ሊቃውንት በ1957 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት ገልጸዋል። ፈተናው ለድኻው ልጅ ጠላት ነው የሚለው አባባል ዘወትር እውነት እንዳልሆነ ከዚህ ይታያል።

ዘወትር ሐሰትም አይደለም። የኒው ዮርክ ከተማ ታሪክ ሌላውን ገጽ ያሳያል። ከተማይቱ በ2008 ዓ.ም. ገደማ አድልዎን ለማስቀረት ብላ በየሰፈሩ ይለያይ የነበረውን አመራረጥ ሽራ፣ ለሁሉም አንድ ፈተናና አንድ መቍረጫ ነጥብ አወጣች። የሚፈተኑት ገና የ4 ዓመት ሕፃናት ነበሩ። ነገር ግን የሚፈተነው ወላጁ ያስመዘገበው ልጅ ብቻ ነበር፤ መቀመጫውም ጥቂት ነበር። መቀመጫ ሲያንስና ሚዛኑ አስቀድሞ ሲታወቅ ገበያ እንደሚቆም ነጋዴ ሁሉ ያውቀዋል። በዚያም ለ4 ዓመት ሕፃናት የፈተና ማለማመጃ መጻሕፍትና በሰዓት የሚከፈላቸው አስጠኚዎች በዙ። ከተመረጡት መካከል የጥቁሮችና የላቲን አሜሪካ ተወላጆች ልጆች ድርሻ ከፍ ይላል ሲባል ዝቅ አለ። በ2021 ዓ.ም. መጀመሪያ የከተማው የትምህርት ጉባኤ የፈተናውን ውል አላድስም አለ፤ በዚያው ዓመት ከንቲባው ቢል ደ ብላሲዮ ሥርዓቱን ቀስ በቀስ እንደሚያስቀሩት አስታወቁ። የተተኩት ኤሪክ አዳምስ ደግሞ በ2022 ዓ.ም. ክፍሎቹን ሳያስቀሩ ጥቈማውን ለመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪዎች ሰጡ፤ ማለት፣ ነገሩ ዞሮ ወደ መምህሩ ዐይን ተመለሰ።

እንግዲህ የኒው ዮርክ ፈተና የወደቀው ፈተና ስለ ሆነ ነው ለማለት ያስቸግራል። ለሁሉም አንድ ነው ተብሎ ሳለ የሚቀርቡለት ሁሉም ስላልነበሩ ነው። ደግሞም የ4 ዓመት ሕፃንን ለአንድ ሰዓት ያህል ከማያውቀው ሰው ጋር አስቀምጦ የብዙ ዓመት የትምህርት ዕድሉን መቍረጥ፣ የዝናብ ወራትን በመጀመሪያው ደመና መፍረድ ይመስላል።

ሚዛኑ ራሱ የሚስት መሆኑንም መሸሸግ አይገባም። የዚህ ዐይነቱን ፈተና በ1905 ዓ.ም. በፓሪስ የጀመሩት ሙሴ አልፍሬድ ቢኔ ዓላማቸው ልዩ ርዳታ የሚያስፈልጋቸውን ደካማ ተማሪዎች ለይቶ ለመርዳት ነበር፤ የልጅን አእምሮ ለዘለዓለም የሚወስን ቍጥር ለማግኘት አልነበረም። በካሊፎርኒያ፣ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ሉዊስ ተርማን ግን ከ1921 ዓ.ም. ጀምሮ ከ1,500 የሚበልጡ ባለ ከፍተኛ ነጥብ ልጆችን መርጠው ሕይወታቸውን በሙሉ መከታተል ጀመሩ። ሲመርጡም በመጀመሪያ የጠየቁት አስተማሪዎችን ነበር። በዚያን ጊዜ ተመርምረው ነጥባቸው ስላልደረሰ ሳይመረጡ ከቀሩት ልጆች ሁለቱ ዊሊያም ሾክሊና ሉዊስ አልቫሬዝ ነበሩ፤ የመጀመሪያው በ1956፣ ሁለተኛው በ1968 ዓ.ም. በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ከተመረጡት ከ1,500 መካከል ይህን ሽልማት ያገኘ የለም።

ስለዚህ አንድ ጊዜ ብቻ የሚከፈት በር አይበቃም፤ በሁለተኛ ክፍል ያልታየው በአራተኛው ወይም በስድስተኛው ሊታይ ይገባዋል። ብራዋርድ በዚህም በኩል የሚጠቅም ምሳሌ ትቷል። በአንድ ትምህርት ቤት በደረጃው አንድ ባለ ተሰጥኦ ልጅ እንኳ ቢገኝ ልዩ ክፍል እንዲከፈት ደንብ ነበር፤ የተረፈው መቀመጫ በመለኪያው 130 ላላገኙ፣ ነገር ግን በዓመቱ ፈተና ከፍ ያለ ውጤት ላመጡ የዚያው ትምህርት ቤት ልጆች ይሰጥ ነበር። እነዚሁ ሊቃውንት ሲመረምሩት በዚህ ክፍል ይበልጥ የተጠቀሙት በማስተዋል መለኪያ የገቡት አልነበሩም፤ በትጋታቸው የገቡት፣ ይልቁንም ከእነርሱ መካከል ጥቁሮችና የላቲን አሜሪካ ተወላጆች ነበሩ። ለመግቢያ ነጥቡ ብዙ ሲከራከሩ የኖሩ ሰዎች ይህን ሲያነቡ ጥቂት ሳይደነቁ አይቀሩም።

ጕዳዩ አማርኛ ተናጋሪዎችንም በቀጥታ የሚነካበት ስፍራ አለ። ከዋሽንግተን አጠገብ በሜሪላንድ ግዛት ያለው የሞንትጎመሪ ወረዳ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሰፈሩበት ስለ ሆነ የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ለወላጆች የሚልካቸውን ማስታወቂያዎች በአማርኛ ጭምር ያወጣል። በዚያም ከአራተኛ ክፍል ለሚጀምረው ልዩ ትምህርት የሚፈተነው ቀድሞ ወላጁ ያመለከተለት ልጅ ነበር። ሌሊት የሚሠራ፣ የትምህርት ቤቱን ደብዳቤ ለልጁ ሰጥቶ የሚያስተረጕም ወላጅ ማመልከቻው የሚዘጋበትን ቀን ከየት ያውቀዋል? ማስታወቂያ በአማርኛ መውጣቱ መልካም ነው፤ ግን ደብዳቤው በትክክል ተተርጕሞም ቢሆን ሸክሙ ያው በወላጁ ላይ ነበር። ወረዳው በ2016 ዓ.ም. ከወጣ አንድ ጥናት በኋላ የሦስተኛ ክፍል ልጆችን ሁሉ ያለ ማመልከቻ ወደ መመርመር ተሻገረ።

የተሻገረው ግን ሌላ ችግር ይዞ ነው። ሁሉም ሲመረመር ብቁ ሆነው የሚገኙት ልጆች ከመቀመጫው በለጡ። በወረርሽኙ ጊዜ ብቁ ከሆኑት መካከል የሚገቡት በዕጣ እንዲለዩ ተደረገ፤ አንዳንድ ወላጆችም በዚህ ተቈጡ። ቍጣቸው የሚገባ ነው፤ ነገር ግን ሊያርፍ የሚገባው በምርመራው ላይ አይደለም። ምርመራው ቀድሞም የነበሩትን ልጆች ቈጥሮ አሳየ እንጂ አዲስ ልጆች አልፈጠረም። ዕጣ የወጣለትና ያልወጣለት ልጅ በችሎታ እኩል መሆናቸው በጽሕፈት ቤቱ መዝገብ ተጽፎ ሳለ፣ ለሁለተኛው ክፍል መክፈትና መምህር መቅጠር የበጀቱ ክርክር ነው፤ ይህንንም ክርክር የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ሹማምንትና ግብሩን የሚከፍሉት የወረዳው ነጋዴዎች በየዓመቱ ቍጥሩን ይዘው ሊያደርጉት ይችላሉ።